ሞተሩ ከመከፈቱ በፊት፦ የአሮጌ ትራክተርን እመቃ መለካትና ማሻሻል



ባለፈው ግንቦት ወር በሰሜን ሸዋ ደጋማ ስፍራ ወደሚገኝ አንድ ገዳም ለሥራ ጉብኝት ተጉዘን ነበር። የገዳሙ የልማት ኮሚቴ ከሦስት ሳምንት በፊት የጻፈውን ቃለ ጉባኤ አውጥቶ አሳየን። የውሳኔው ፍሬ ነገር አጭር ነው። ትራክተሩ ጠዋት ጠዋት አልነሣ ስላለ፣ ጉልበቱም ስለ ደከመ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይታደስ፤ ለዕድሳቱ የሚበቃ ገንዘብ ካልተገኘ ትራክተሩ ተሽጦ የእርሻው መሬት በመጋዞ ይሰጥ የሚል ነበር።

የዚህ ውሳኔ ክብደት ለማንም ግልጽ ነው። መሬቱ በመጋዞ ከተሰጠ ከምርቱ ከፍ ያለው ድርሻ ከገዳሙ ጎተራ ይወጣል። ገዳሙ ደግሞ ከዚያው ገብስና ባቄላ መነኮሳቱን፣ የአብነት ተማሪዎቹንና ደጁን የሚጠኑ ችግረኞችን ይመግባል። ክረምቱም ሊገባ የቀረው ጥቂት ሳምንት ብቻ ነበር።

ቃለ ጉባኤውን አንብበን ስንጨርስ አንድ ጥያቄ አቀረብን፤ «የሞተሩ እመቃ ተለክቶ ስንት ሆነ?» አልን። የሚመልስ አልተገኘም። መካኒኩ የጭሱን ቀለም አይቶ፣ ድምፁንም አዳምጦ «ፋሻው አልቋል» ብሎ ነበር እንጂ የለካ ሰው አልነበረም።

ይህን ስንጽፍ መካኒኩንም ሆነ ኮሚቴውን ለመንቀፍ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛው ራሳችን በሌላ አጥቢያ ያንኑ ስሕተት ፈጽመናል። ጠዋት የማይነሣና ነጭ ጭስ የሚያወጣ ትራክተር አይተን የፒስተን ፋሻ እንዲቀየር መከርን። ሞተሩ ተከፈተ፤ ፋሻው ተቀየረ፤ ምእመናን ያዋጡት ገንዘብ ወጣ። ትራክተሩ ግን እንደ ቀድሞው አልነሣ አለ። በመጨረሻ ችግሩ የተገኘው በዛገ የባትሪ ገመድ ላይ ነበር። ገመዱ በቂ ኃይል ስለማያሳልፍ ሞተሪኖው ሞተሩን የሚያዞረው በዝግታ ነበር። ገመዱ ሲለወጥ ትራክተሩ ተነሣ። ያወጣነውን ገንዘብ ግን መመለስ አልተቻለም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሥርዓት ይዘናል፤ ሞተር ከመከፈቱ በፊት ይለካ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ካህናትንና የኮሚቴ አባላትን መካኒክ ማድረግ አይደለም። ከመካኒኩ ጋር ሲነጋገሩ ምን እንደሚጠይቁ፣ ልኬቱ ሲካሄድ ምን እንደሚመለከቱ፣ ገንዘብ እንዲወጣ ከመፈረማቸውም በፊት በእጃቸው ምን ሊኖር እንደሚገባ ለማሳየት ነው።

እመቃ ምንድን ነው?

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ካንዴላ የለውም። ነዳጁን የሚያቀጣጥለው የታመቀ አየር ሙቀት ነው። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ ሲሊንደሩ አየር ይስባል፤ ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው አየሩ ይታመቃል። የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ የነፋ ሰው የፓምፑ ጫፍ እንደሚሞቅ ያውቃል። በሞተር ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የመጠን ነው። ናፍጣ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥቂት ከፍ ባለ ሙቀት በራሱ መቀጣጠል ይችላል። በጤነኛ ሞተር ውስጥ የታመቀው አየር ሙቀት እስከ 500 ዲግሪ ይደርሳል፤ ይበልጣልም። ኢንጀክተሩ ናፍጣውን በዚህ የጋለ አየር ላይ ሲረጨው ወዲያው ይነዳል። መካኒኮች ኮምፕሬሽን የሚሉት ይህን እመቃ ነው።

ለምሳሌ የወሰድነው በገዳሙ የሚገኘውን ማሴ ፈርጉሰን 135 ነው። ይህ ትራክተር እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ለአሥር ዓመታት ያህል በእንግሊዝ አገር የተመረተ ሲሆን፣ በብዛት የሚታወቀው ባለ 3 ሲሊንደር የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተር ተገጥሞለት ነው። የሞተሩ መጠን 2.5 ሊትር ነው። አየሩንም ከአሥራ ስድስት እጥፍ በላይ ያምቀዋል። በጥንቃቄ ከተያዘ ዛሬም ማረስ የሚችል ጠንካራ ሞተር ነው። ከዚህ በታች የምንዘረዝረው አሠራር ለሌሎች የናፍጣ ትራክተሮችም ይጠቅማል፤ ቁጥሮቹ ግን ከየሞተሩ መመሪያ መወሰድ አለባቸው።

የታመቀው አየር የሚያመልጥባቸው በሮች አራት ናቸው። የመጀመሪያው ፒስተኑን የከበበው ፋሻና ፋሻው የሚሻሽበት የሲሊንደሩ ውስጠኛ ግድግዳ ማለትም ሊነሩ ነው። ሁለተኛው የአየር ማስገቢያና የጭስ ማውጫ ቫልቮች ናቸው። ሦስተኛው በሞተሩ አካልና በቴስታታው መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ነው። አራተኛው የኢንጀክተሩ መቀመጫ ነው። የአራቱ የጥገና ዋጋ እጅግ የተለያየ ስለሆነ አየሩ በየትኛው በር እንደሚወጣ ሳያውቁ ገንዘብ ማውጣት አይገባም።

ከልኬት በፊት የሚታዩ ነገሮች

ደካማ እመቃ የሚመስሉ፣ ነገር ግን ከእመቃ ጋር ግንኙነት የሌላቸው ብዙ ችግሮች አሉ። ስለሆነም አስቀድሞ የሚከተሉት ይታዩ።

ባትሪው በሚገባ የተሞላ፣ የባትሪው ገመዶች ጫፍም ከዝገት የጸዳ ይሁን። ሞተሪኖው ሞተሩን በዝግታ ካዞረ አየሩ በሚታመቅበት ጊዜ ሙቀቱን ለሲሊንደሩ ግድግዳ ያስረክባል፤ ሾልኮ ለማምለጥም ጊዜ ያገኛል። ስለዚህ ጤነኛ ሞተር የታመመ ይመስላል።

የአየር ፊልትሮው ይጽዳ። የዚህ ትራክተር ፊልትሮ በብዛት ከሥሩ የዘይት ሳህን ያለው ነው። ሳህኑ በጭቃ ከተሞላ ሞተሩ በቂ አየር ስለማያገኝ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ጉልበቱም ይቀንሳል።

የናፍጣ ፊልትሮው ይታይ፤ በነዳጅ መስመሩ ውስጥ የገባ አየርም ይውጣ። በብርድ ጊዜ ሞተሩን ለማስነሣት የሚረዳው፣ በአየር ማስገቢያው ላይ የተገጠመው ማሞቂያ እንደሚሠራም ይረጋገጥ። በደጋ አገር ይህ ማሞቂያ ከተበላሸ ጤነኛ ሞተርም ጠዋት ያስቸግራል። አንዳንዶች በማሞቂያው ፈንታ ኤተር ይረጫሉ። ኤተር ፒስተንና ፋሻ ይሰብራል፤ ማሞቂያው በበራበት ጊዜ ከተረጨ ደግሞ በሰው ላይ የእሳት አደጋ ያደርሳል። ስለዚህ ይህ ልማድ ይቅር እንላለን።

ጭሱም የሚናገረው አለው። በማስነሣት ጊዜ የሚወጣ ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ ምክንያቱ ደካማ እመቃ ሊሆን ይችላል፤ ብርድ ወይም የደከመ ባትሪም ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ መሆኑን ያመለክታል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ሲነሣ ጭስ በኃይል የሚገፋ ከሆነ በፋሻው በኩል የሚያልፍ አየር አለ ማለት ነው። በራዲያተሩ ውኃ ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ ከታየ ጓርኒሲዮኑ ሊጠረጠር ይገባል። እነዚህ ሁሉ ምልክቶች ናቸው፤ ፍርድ የሚሰጠው ግን ልኬቱ ነው።

ልኬቱ እንዴት ይካሄዳል?

ለናፍጣ ሞተር የሚሆነው መለኪያ ቢያንስ እስከ 40 ባር የሚያነብ መሆን አለበት። ለቤንዚን መኪና የተሠራው መለኪያ ይህን ግፊት አይችልም፤ ሊፈነዳም ይችላል። መለኪያው በኢንጀክተሩ ቀዳዳ የሚገባ ማገናኛም ያስፈልገዋል። አሠራሩ የሚከተለው ነው።

1. ትራክተሩ በደልዳላ ስፍራ ይቁም፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ጎማዎቹ በድንጋይ ይደገፉ፤ ማርሹ ነጻ ይሁን፤ ማረሻም ሆነ ሌላ መሣሪያ አይያያዝበት።

2. ሞተሩ መነሣት የሚችል ከሆነ እስኪሞቅ ድረስ ይሥራና ይጥፋ። የማይነሣ ከሆነ በቀዝቃዛነቱ ይለካ፤ ይህም በመዝገቡ ላይ ይጻፍ።

3. የነዳጅ ማጥፊያው ዘንግ ተስቦ ይታሰር። የኢንጀክተሮቹ ዙሪያ ከአቧራ ይጽዳ፤ ከዚያም ሦስቱም ኢንጀክተሮች ይውጡ። ከሥራቸው ያለው የመዳብ ቀለበትም አብሮ ይውጣ፤ ሲመለስ በአዲስ ይተካል።

4. መለኪያው በ1ኛው ሲሊንደር ላይ ይገጠም። ሞተሪኖው ከአምስት እስከ ስድስት ሰከንድ ያህል ያዙር፤ መርፌው መጨመሩን ሲያቆም ቁጥሩ ይጻፍ። ይኸው ሁለት ጊዜ ይደገም። በ2ኛውና በ3ኛው ላይም እንዲሁ ይደረግ።

5. በሁሉም ልኬት ሞተሪኖው እኩል ፍጥነት እንዲኖረው ባትሪው መሐል ላይ እንዳይደክም ይጠበቅ።

በዚህ ሥራ ላይ ሁለት አደጋዎች አሉ። ከኢንጀክተር የሚረጭ ናፍጣ ቆዳን በስቶ ደም ውስጥ ይገባል፤ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ወዲያው ወደ ሐኪም የሚያስኬድ ነው። ሁለተኛው የልብስ ነገር ነው። አባቶቻችን ነጠላና ሰፊ ቀሚስ ለብሰው ለማየት ሲጠጉ ማራገቢያው ወይም የማራገቢያው ቀበቶ ልብሱን ሊስበው ይችላል። ስለዚህ ሞተሩ በሚዞርበት ጊዜ ራቅ ብሎ መቆም ይገባል።

ቁጥሩን ከከፍታው ጋር ማገናዘብ

በገዳሙ መለኪያውን ይዘን ስንለካ 1ኛው ሲሊንደር 20.5 ባር፣ 2ኛው 20 ባር፣ 3ኛው 13 ባር አሳየ። መካኒኩ በእጁ ያለውን ሰንጠረዥ አወጣ። ሰንጠረዡ እመቃው ከ24 ባር በታች የሆነ ሞተር ይታደስ ይላል። «እንግዲህ ሦስቱም አልቀዋል፤ ቀድሞም ያልኩት ይህንኑ ነበር» አለ። ቁጥሩንና ሰንጠረዡን ብቻ ለተመለከተ ሰው ንግግሩ ትክክል ነበር።

ሆኖም ሰንጠረዡ የተዘጋጀው ለዝቅተኛ ቦታ ነው። ገዳሙ የሚገኘው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,900 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በዚያ ከፍታ ላይ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሲሊንደሩ የሚስበው አየር ሲጀመር የሳሳ ስለሆነ ታምቆ የሚደርስበትም ግፊት በዚያው መጠን ያንሳል። በባሕር ጠረፍ 28 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር በዚህ ስፍራ 20 ባር ገደማ ያሳያል። በአዲስ አበባ ከፍታ ማለትም በ2,400 ሜትር ገደማ ቢለካ ደግሞ 21 ባር ያህል ያሳያል። ስለዚህ የ1ኛውና የ2ኛው ሲሊንደር ቁጥር ለቦታው መልካም ነበር። የታመመው 3ኛው ብቻ ነው።

አብዛኞቹ ገዳማትና አድባራት በደጋ ስለሚገኙ ይህን ነጥብ በተለይ እንድታስተውሉ እንለምናለን። በቆላ ቁጥር የደጋን ሞተር መፍረድ ጤነኛውን ሞተር ወደ ዕድሳት ይልካል። አስተማማኙ መንገድ ሲሊንደሮቹን እርስ በርሳቸው ማስተያየት ነው። በተለመደው የሙያ አሠራር ዝቅተኛው ከከፍተኛው ከ15 በመቶ በላይ ካነሰ ምክንያቱ መፈለግ አለበት። ሁሉም እኩል ዝቅ ያሉ እንደሆነ ግን ጠቅላላ ድካም ይጠረጠራል፤ የሞተሪኖው ፍጥነትም እንደገና ይታያል።

አየሩ በየት በኩል ይወጣል?

ደካማው ሲሊንደር ከታወቀ በኋላ የሚቀረው በሩን ማግኘት ነው። ለዚህ ሁለት ፈተናዎች አሉ።

የመጀመሪያው የዘይት ፈተና ነው። በደካማው ሲሊንደር ውስጥ በኢንጀክተሩ ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ይጨመርና እንደገና ይለካል። ዘይቱ በፋሻው ዙሪያ ያለውን ክፍተት ለጊዜው ስለሚደፍን፣ ቁጥሩ ጉልህ ጭማሪ ካሳየ ችግሩ የፋሻና የሊነር ነው። ካልጨመረ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል። ከአንድ የሻይ ማንኪያ በላይ ፈጽሞ አይጨመር። በናፍጣ ሞተር ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ የሚቀረው ቦታ ጠባብ ነው፤ ፈሳሽ ደግሞ አይታመቅምና የሞተሩን ዘንግ ሊያጣምም ይችላል። ከዚህም በላይ የዘይቱ ከፊል በፒስተኑ አናት ባለው ጎድጓዳ ስፍራ ስለሚቀር ውጤቱ ሁልጊዜ ግልጽ አይሆንም። ስለዚህ ብቻውን አይታመን።

ሁለተኛው የአየር ፈተና ነው። ይህ ውድ መለኪያ አይፈልግም፤ የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ይበቃዋል። ከጥቅም ውጪ የሆነ የኢንጀክተር አካል በቶርኖ ቤት ተስተካክሎ የአየር ቱቦ እንዲቀበል ይደረግና በቀዳዳው ላይ ይታሰራል። የሚፈተነው ሲሊንደር ፒስተን በእመቃው ጊዜ መጨረሻ፣ ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው ሳሉ፣ አናቱ ላይ እንዲቆም ይደረጋል። ከዚያም አየር በዝግታ ይለቀቃል። የአየሩ ግፊት ሞተሩን በድንገት ሊያዞር ስለሚችል በማራገቢያው አጠገብ ማንም አይቁም። አሁን የሚያስፈልገው ጆሮ ብቻ ነው።

በጭስ ማውጫው በኩል የሚያፏጭ ድምፅ ከተሰማ የጭስ ቫልቩ አይዘጋም። በአየር ፊልትሮው በኩል ከተሰማ የአየር ማስገቢያው ቫልቭ አይዘጋም። በዘይት መሙያው ከተሰማ ፋሻው ወይም ሊነሩ ነው፤ ጥቂት ድምፅ ግን በጤነኛ ሞተርም አይጠፋም። በራዲያተሩ አረፋ ከወጣ ወይም በጎረቤት ሲሊንደር ቀዳዳ አየር ከመጣ ጓርኒሲዮኑ ተበልቷል።

በገዳሙ 3ኛው ሲሊንደር ላይ ዘይት ሲጨመር ቁጥሩ ከ13 ወደ 13.5 ብቻ ከፍ አለ። አየር ሲለቀቅ ደግሞ ፉጨቱ ከጭስ ማውጫው ተሰማ። የገዳሙ መጋቢ ጆሯቸውን ወደ ጭስ ማውጫው አስጠግተው ሲያዳምጡ ቆይተው «እንግዲያውስ የታመመው ሌላ፣ ልናስታምም ያሰብነው ሌላ ኖሯል» አሉ።

ከቀላሉ ወደ ከባዱ

እመቃን የማሻሻል ሥራ ሁልጊዜ ወጪው ከሚያንሰው ይጀምራል፤ ከእያንዳንዱ እርምጃ በኋላም እንደገና ይለካል።

አንደኛው እርምጃ የቫልቭ ክፍተት ማስተካከል ነው። ቫልቩና ቫልቩን የሚገፋው ክንድ በሚገናኙበት ስፍራ ጥቂት ክፍተት መኖር አለበት። ለዚህ የፐርኪንስ ሞተር ክፍተቱ በቀዝቃዛነቱ 0.30 ሚሊ ሜትር ነው። ክፍተቱ ከጠፋ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። አየር ያመልጣል፤ የሚያልፈው እሳትም የቫልቩን ጠርዝ ያቃጥላል። ይህን ማስተካከል የሚጠይቀው የክፍተት መለኪያ፣ ሁለት መፍቻና የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በብዙ ቦታ ግን ለዓመታት ሳይነካ ይቆያል።

ሁለተኛው ለረጅም ጊዜ ቆሞ የኖረ ትራክተርን ይመለከታል። ፋሻዎቹ በጥላሸትና በዝገት በጎድጓዳቸው ተጣብቀው ይሆናል። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት በጥቂቱ በየሲሊንደሩ ጨምሮ ለጥቂት ቀናት ማቆየት ይቻላል። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ግን ኢንጀክተሮቹ እንደ ወጡ በእጅ ተዞሮ የተረፈው ፈሳሽ መውጣት አለበት። ከዚያም ዘይቱ ተቀይሮ መካከለኛ ሥራ ይሠራበት። በዚህ መንገድ እመቃቸው የተመለሰ ሞተሮች አሉ።

ሦስተኛው ቴስታታውን ማውረድ ነው። የተቃጠለ ቫልቭ ይለወጣል፤ ደኅናው ከመቀመጫው ጋር በሚያሻ ቅባት ታሽቶ እንዲገጥም ይደረጋል፤ የቴስታታው ገጽ ቀጥ ያለ መሆኑ ይረጋገጣል፤ ጓርኒሲዮኑ በአዲስ ይተካል። የቴስታታው ብሎኖች በመመሪያው ቅደም ተከተል ከመሐል ወደ ዳር፣ በጥብቀት መለኪያ ቁልፍ ይታሰራሉ። በግምት የታሰረ ቴስታታ ብዙም ሳይቆይ እንደገና መውረዱ አይቀርም።

ቴስታታው በወረደበት ጊዜ ሊነሩም ይታይ። ከላይኛው ጫፍ አጠገብ ጥፍር የሚይዝ እርከን ካለ ግድግዳው ተበልቷል ማለት ነው፤ መጠኑም በመሣሪያ ይለካ።

አራተኛውና የመጨረሻው ፋሻ፣ ፒስተንና ሊነር መለወጥ ነው። እዚህ ላይ አንድ ምክር አለን። ሊነሩ የተበላ ከሆነ አዲስ ፋሻ ብቻ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው፤ ክብ የሆነ አዲስ ፋሻ ክብነቱን ባጣ ግድግዳ ላይ አይገጥምም። ሁሉም ሲሊንደሮች ዝቅ ብለው፣ በዘይት ፈተና ቁጥራቸው ከፍ ብሎ፣ ሊነሩም ተለክቶ የተበላ ከሆነ ሙሉ ዕድሳት ተገቢ ነው። በዚያ ጊዜ ኮሚቴው ሳይጠራጠር ይወስን።

በገዳሙ የተደረገው

የ3ኛው ሲሊንደር የጭስ ቫልቭ ክፍተት ሲለካ ጨርሶ የለም። ተስተካክሎ እንደገና ሲለካ እመቃው ከ13 ወደ 15 ባር ከፍ አለ፤ ፉጨቱ ግን አልጠፋም። ስለዚህ ኮሚቴው ቴስታታው እንዲወርድ ብቻ ፈቀደ። ቫልቩ ሲወጣ ጠርዙ በአንድ ወገን ተቃጥሎ ተገኘ። እርሱ ተለወጠ፤ የቀሩት ታሹ፤ ጓርኒሲዮኑም በአዲስ ተተካ። ሊነሮቹ ሲታዩ መጠነኛ መበላት ነበረባቸው፤ ለጊዜው ግን የሚያሠሩ ናቸው። ሥራው አልቆ ሲለካ 21፣ 20.5 እና 20 ባር ተመዘገበ። ጠቅላላ ወጪው ለሙሉ ዕድሳት ከተጠየቀው ዋጋ አንድ አምስተኛ አልሞላም።

ትራክተሩ በሰኔ መጀመሪያ ወደ ማሳው ወረደ። መሬቱም በመጋዞ አልተሰጠም። ይህ ማለት ግን ሞተሩ አዲስ ሆነ ማለት አይደለም። አሁንም ጥቂት ዘይት ይበላል፤ የዕድሳቱ ቀን ተራዘመ እንጂ አልቀረም። ኮሚቴውም ከዘንድሮው ምርት ለዚያ ቀን የሚሆን ገንዘብ ለብቻ ማስቀመጥ ጀምሯል።

ለኮሚቴዎች የምናቀርበው ሐሳብ

ከዚህ ሥራ ያገኘነውን ትምህርት መሠረት አድርገን አራት ነገሮችን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ትራክተር መዝገብ ይኑረው። የልኬቱ ቀን፣ የየሲሊንደሩ ቁጥር፣ ሞተሩ ሙቅ ወይም ቀዝቃዛ መሆኑ፣ የቦታው ከፍታና የለካው ሰው ስም ይጻፍበት። በየዓመቱ መኸር ከተሰበሰበ በኋላ የሚደረግ ልኬት የሞተሩን አካሄድ ስለሚያሳይ፣ ዕድሳት በድንገት ሳይሆን በዕቅድ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የሞተር ዕድሳት የሚጠይቅ ማንኛውም ቃለ ጉባኤ የልኬት ውጤት ይያያዝበት። መካኒኩ ሥራውን ሲጨርስም እንደገና ለክቶ ቁጥሩን ያስመዝግብ፤ የተቀየሩትን አሮጌ ዕቃዎች ለንብረት ክፍል ያስረክብ። መልካም ባለሙያ ይህን ሲጠየቅ አይቀየምም፤ ሥራው ይመሰክርለታልና።

ሦስተኛ፣ ለናፍጣ የሚሆን መለኪያ ለአንድ አጥቢያ ብቻ ውድ ሊሆን ይችላል። በወረዳ ቤተ ክህነት ደረጃ አጥቢያዎችና ገዳማት በጋራ አንድ ቢገዙ ግን ሁሉንም ያገለግላል።

አራተኛ፣ የአየር ፊልትሮው አይዘንጋ። በበጋ እርሻ ጊዜ የዘይት ሳህኑ በየዕለቱ ይታይ፤ ጭቃው ይውጣ፤ ዘይቱ እስከ ምልክቱ ይሞላ፤ ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚወስደው ጎማ እንዳልተሰነጠቀ ይረጋገጥ። በተሰነጠቀ ጎማ የሚገባ አቧራ በዓመታት ሊያልቅ የሚገባውን ፋሻና ሊነር በአንድ የእርሻ ወቅት ይጨርሰዋል።

በአጥቢያ ሣጥን የሚገባው ገንዘብ በአብዛኛው ከትንሽ እጅ የሚመጣ ነው። ያንን ገንዘብ ለሞተር ስናወጣ «ለምን አወጣችሁት?» ብሎ የሚጠይቅ ምእመን ቢመጣ በግምት ሳይሆን በቁጥር መመለስ ይገባናል። የገዳሙ ኮሚቴ የቀድሞውን ውሳኔ ሽሮ በጻፈው አዲስ ቃለ ጉባኤ ላይ ሦስቱን ቁጥሮች ከቀናቸው ጋር አስፍሯል፤ ቀጣዩ ልኬትም በጥር ወር እንዲሆን ወስኗል። ሌሎቻችሁም የለካችሁትን ብትልኩልን፣ በየከፍታው የተገኘውን አሰባስበን ለሁላችሁም መልሰን እናካፍላለን።